የጥድና የዝግባ የእሳት እራቶች፤ ኬሚካል ከመርጨት በፊት ተባዩን መለየት

ከቦሌ ወደ ገርጂ፣ ከመገናኛ ወደ ጉርድ ሾላ፣ ከሲ ኤም ሲም ወደ ኮተቤ በሚወስዱ መንገዶች ዳር በሚገኙ በርካታ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት ግቢ ውስጥ የጥድ ዛፍ ይታያል። በቦሌ የመኖሪያ ሠፈሮች የፈረንጅ ጥድ ተከርክሞ አጥር ሆኖ ያገለግላል። በየካ ተራራ ላይ፣ ከዓለት በተፈለፈለው የዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ደግሞ የሐበሻ ጥድ የአካባቢው የቀድሞ ደን ምልክት ሆኖ ቆሟል።

እነዚህ ዛፎች ቅጠላቸው ሲጠወልግ ወይም ቅርንጫፋቸው ሲራቆት በየግቢው የሚሰጠው ውሳኔ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ፀረ-ተባይ ኬሚካል ተገዝቶ ይረጫል፣ ወይም ዛፉ ይቆረጣል። ሁለቱም ውሳኔዎች ዛፉን ያጠቃው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ከተወሰዱ ግን ጉዳቱ የከፋ ሊሆን ይችላል። የሐበሻ ጥድ እንደ ባሕር ዛፍ ከተቆረጠበት ጉቶ የሚያቆጠቁጥ ዛፍ አይደለም። አድጎ ትልቅ ዛፍ ለመሆንም ረጅም ዓመታት ይፈጅበታል። በመሆኑም ያለ ምርመራ የተቆረጠን አሮጌ ጥድ በአንድ የሥራ ኃላፊ የአገልግሎት ዘመን መተካት አይቻልም።

በተለያዩ የዓለም ክፍሎች ጥድና ዝግባ መሰል ዛፎችን ከሚያጠቁ ነፍሳት መካከል የእሳት እራቶች ዋነኞቹ ናቸው። ይሁንና በቅጠል ላይ የተገኘ ትል ሁሉ የእሳት እራት ልጅ አይደለም፤ የደረቀ ጥድም ሁሉ በትል የተበላ አይደለም። ይህንን ልዩነት ማወቅ ዛፍን ለማዳንም ሆነ የመንግሥትን በጀት ካልተገባ ወጪ ለመጠበቅ መሠረታዊ ነው።

ስሙ አንድ፣ ዛፉ ብዙ

የመጀመሪያው ችግር የሚነሳው ከዛፎቹ ስያሜ ነው። በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የሊባኖስ ዛፍ "ዝግባ" በሚል ስም ይታወቃል። በኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ዝግባ የሚባለው ዛፍ ግን ከሊባኖሱ የተለየና በሳይንሳዊ አመዳደብ የራሱ ቤተሰብ ያለው ነው። በሌላ በኩል የውጭ አገር ጸሐፊዎች የሐበሻ ጥድን ለሊባኖሱ ዛፍ በሚሰጡት ስም ሲጠሩት ኖረዋል፤ እንጨቱ ለእርሳስ መሥሪያ ተስማሚ በመሆኑም "የአፍሪካ የእርሳስ ዝግባ" እስከ መባል ደርሷል።

በዕፅዋት ሳይንስ አመዳደብ ግን እውነተኛው የሊባኖስ ዝግባ ከአትላስና ከሂማላያ ዘመዶቹ ጋር ከፓይን ቤተሰብ ይመደባል። በሳይንሳዊ ስሙ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ የሚባለው የሐበሻ ጥድ ደግሞ የፈረንጅ ጥድ ከሚገኝበት ቤተሰብ ነው። የፈረንጅ ጥድ መነሻው ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ሲሆን፣ የሐበሻ ጥድ ከዓረብ ባሕረ ገብ ምድር ተራሮች ጀምሮ በኤርትራ፣ በኢትዮጵያና በኬንያ አልፎ እስከ ዚምባብዌ ድረስ በደጋማ አካባቢዎች የሚበቅል አገር በቀል ዛፍ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የቦሌ አካባቢ ለዚህ ዛፍ ተስማሚ ከሆኑት ሥፍራዎች የሚመደብ ነው።

የስያሜው መደበላለቅ የቋንቋ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። አብዛኞቹ ቅጠል በል ነፍሳት የሚመገቡትን የዛፍ ዓይነት የሚመርጡ በመሆናቸው፣ ለሊባኖሱ ዝግባ ተብሎ የተጻፈ የመከላከያ መመሪያ በየካ ለሚገኝ የሐበሻ ጥድ ላይሠራ ይችላል። አንድ መሥሪያ ቤት "ዝግባችን ታመመ" ብሎ መረጃ ሲያፈላልግ የሚያገኘው ምክር በሌላ አህጉር ለሚበቅል ሌላ ዛፍ የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል።

የእሳት እራት ዛፍን የሚጎዳው መቼ ነው?

የእሳት እራት በሕይወት ዘመኑ አራት ደረጃዎችን ያልፋል። ከእንቁላል ትል ይፈለፈላል፤ ትሉ ሲያድግ ራሱን በድር ወይም በሌላ ሽፋን ጠቅልሎ ያርፋል፤ በመጨረሻም ክንፍ አውጥቶ ይበራል። ማታ በመብራት ዙሪያ የሚታየው ባለ ክንፉ ነፍሳት ቅጠል አይበላም፤ አንዳንዶቹ ዝርያዎችማ ክንፍ ካወጡ በኋላ ጨርሶ አይመገቡም። ጉዳቱን የሚያደርሰው ትሉ ወይም አባጨጓሬው ነው። በ2009 ዓ.ም ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ የበቆሎ ማሳዎችን ያጠቃው የአሜሪካ መጤ ተምችም የዚሁ የነፍሳት ወገን አባል ነው።

የጥድ እንጨት ምስጥና ብል በቀላሉ የማይደፍሩት መሆኑ ስለሚታወቅ፣ ትል ጥድን እንዴት ሊበላ ቻለ የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ነፍሳትን የሚያባርረው መዓዛማ ዘይት በብዛት የሚገኘው በግንዱ ውስጠኛ ቀይ ክፍል ነው። ለምሰሶ፣ ለአጥርና ለአብያተ ክርስቲያናት ግንባታ ጥድ የተመረጠውም ለዚሁ ነው። ቅጠሉ፣ ለጋው ቅርንጫፍና ፍሬው ግን ይህንን መከላከያ በተመሳሳይ መጠን አያገኙም። በረጅም ዘመን የተላመዱት ነፍሳትም በቅጠሉ ውስጥ ያሉትን መራራ ቅመሞች ተቋቁመው ይመገባሉ።

የእነዚህን ዛፎች ሁኔታ አሳሳቢ የሚያደርገው ሌላው ምክንያት የመልሶ ማገገም አቅማቸው ውስን መሆኑ ነው። ቅጠላቸውን የሚያረግፉ ዛፎች በትል ቢራቆቱም በሚቀጥለው ዝናብ እንደገና ሊለመልሙ ይችላሉ። ጥድና የፈረንጅ ጥድ ግን ከተራቆተ አሮጌ ቅርንጫፍ አዲስ ቅጠል ለማውጣት ይቸገራሉ። አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ የተበላ ቅርንጫፍ ብዙውን ጊዜ ደርቆ ይቀራል።

ከሊባኖስ እስከ ኪጌዚ

በዝግባ ላይ ከሚኖሩት የእሳት እራቶች አንዱ በሊባኖስና በቱርክ የሚገኘው ፓራሲንዴሚስ ሴድሪኮላ ነው። ይህ አነስተኛ የእሳት እራት እ.አ.አ በ1974 በሳይንስ የተመዘገበ ሲሆን፣ የስሙ ሁለተኛ ክፍል በዝግባ ላይ ነዋሪ መሆኑን ያመለክታል። ትሎቹ የዝግባን ቅጠል ይመገባሉ። በሰሜን አፍሪካ የአትላስ ዝግባን ከሚያጠቁት መካከል ደግሞ በሰልፍ ተከታትሎ በመጓዙ የሚታወቀው የፓይን አባጨጓሬ ይገኝበታል። የዚህ አባጨጓሬ ጥቃቅን ፀጉሮች በሰው ቆዳ፣ ዓይንና መተንፈሻ አካል ላይ ብርቱ መቆጣት ስለሚያስከትሉ፣ ጉዳዩ ከደን ጥበቃ አልፎ የጤና ጥያቄ ሆኗል።

የሐበሻ ጥድ የቅርብ ዘመድ በሆነው የሰሜን አሜሪካ ቀይ ጥድ ላይ የሚኖር ሌላ የእሳት እራትም አለ። የዚህ ዝርያ ትል ከድርና ከቅጠል ቁርጥራጭ የሠራውን ከረጢት ተሸክሞ እየተዘዋወረ ይመገባል። ሴቷ ክንፍ የላትም፤ ዕድሜዋን በሙሉ ከከረጢቷ ሳትወጣ እንቁላሎቿን በዚያው ውስጥ ጥላ ትሞታለች። በአንድ ከረጢት ውስጥ እስከ 1 ሺህ የሚደርስ እንቁላል ሊገኝ ይችላል። ከሩቅ ሲታይ ከረጢቱ የዛፉን ፍሬ ስለሚመስል ባለቤቱ ሳያስተውለው ይቀራል። እንቁላሉ ከመፈልፈሉ በፊት ከረጢቶቹን በእጅ ለቅሞ ማስወገድ በትናንሽ ዛፎች ላይ ውጤታማ የሆነ መከላከያ መሆኑ ተረጋግጧል። በአፍሪካም ከረጢት ተሸካሚ ትሎች በርካታ ዝርያዎች አሏቸው።

ለኢትዮጵያ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ግን የምሥራቅ አፍሪካው ጎኖሜታ ፖዶካርፒ ነው። የስሙ ሁለተኛ ክፍል የተወሰደው ከዝግባ ሳይንሳዊ መጠሪያ ሲሆን፣ በአማርኛ "የዝግባ የእሳት እራት" ቢባል ከስሙ ጋር የሚስማማ ይሆናል። ይህ ትልቅና ፀጉራም አባጨጓሬ ያለው አገር በቀል ነፍሳት በምሥራቅ አፍሪካ ከውጭ መጥተው በሰፊው በተተከሉ ዛፎች ላይም መመገብ ጀምሯል። በኡጋንዳ ኪጌዚ አውራጃ በሙኮ ደን ስለ ሕይወት ዑደቱ የተካሄደና እ.አ.አ በ1971 የታተመ ጥናት ነፍሳቱን ከውጭ የመጡ ለስላሳ እንጨት ያላቸው ዛፎች ተባይ አድርጎ መዝግቦታል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። በተፈጥሮ ደን ውስጥ ተበታትኖ በጥቂት ቁጥር የሚኖር ነፍሳት፣ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ በሰፊው ሲተከልለት የምግብ እጥረት ስለማይገጥመው በፍጥነት ሊራባ ይችላል። ለአጥርና ለማስዋብ ሲባል ግቢን በሙሉ በፈረንጅ ጥድ መክበብም በአነስተኛ ደረጃ ይህንኑ ሁኔታ የሚፈጥር ነው።

የጎኖሜታ ወገን በጎ ገጽታም አለው። በደቡባዊ አፍሪካና በኬንያ የሚገኙ የዚሁ ወገን ዝርያዎች የሚሠሩት ጠንካራ ሽፋን ለዱር ሐር ምርት ያገለግላል። መቀመጫውን ናይሮቢ ያደረገው ዓለም አቀፉ የነፍሳት ፊዚዮሎጂና ኢኮሎጂ ማዕከል በኬንያ ምዊንጊ አካባቢ አርሶ አደሮች ከዱር ሐር ገቢ እንዲያገኙ ሠርቷል። የእሳት እራትን ሁሉ በጅምላ እንደ ጠላት ማየት ተገቢ እንዳልሆነ ይህ አንዱ ማሳያ ነው።

ትል መሳዩ ትል ያልሆነበት ሁኔታ

ተባይን በትክክል የመለየት ጥቅም ጎልቶ የታየው በሊባኖስ ታኑሪን የዝግባ ደን ነው። እ.አ.አ በ1990ዎቹ መጨረሻ በዚህ ደን ውስጥ የዝግባ ቅጠሎች በስፋት ሲበሉ ታዩ። በቅጠሉ ላይ የተገኘው ተመጋቢ ለተመልካች የእሳት እራት ትል የሚመስል ነበር። በተካሄደው ምርመራ ግን ነፍሳቱ የእሳት እራት ሳይሆን የተርብ ዘመድ፣ ያውም ቀደም ሲል በሳይንስ ያልተመዘገበ አዲስ ዝርያ ሆኖ ተገኘ። እ.አ.አ በ2002 ሴፋልሲያ ታኑሪኔንሲስ የሚል ስም ከደኑ መጠሪያ ተወስዶ ተሰጠው።

ልዩነቱ በተግባር ትርጉም አለው። በዓለም ላይ የእሳት እራት ትሎችን ለመቆጣጠር በስፋት ከሚውሉት መካከል ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ከተባለ ባክቴሪያ የሚዘጋጅ ሕይወታዊ ፀረ-ተባይ አንዱ ነው። የእሳት እራት ትሎችን የሚገድለው የዚህ ባክቴሪያ ዓይነት በተርብ ዘመዶች ትል ላይ አይሠራም። በታኑሪን በስም ሳይለይ ይኸው ተረጭቶ ቢሆን ኖሮ ገንዘብና ጊዜ በከንቱ ይባክን ነበር። በመሆኑም በደኑ ጥቅም ላይ የዋለው የነፍሳቱን የቆዳ ዕድገት የሚያውክ ሌላ ዓይነት ውህድ ነው።

ሁለቱን ትሎች ለመለየት የሚረዳው ቀላል መንገድ እግራቸውን መቁጠር ነው። ሁለቱም ከራሳቸው አጠገብ ሦስት ጥንድ እግሮች አሏቸው። የእሳት እራት ትል ከእነዚህ በተጨማሪ በሆዱ በኩል ከሁለት እስከ አምስት ጥንድ የሚደርሱ ሥጋማ እግሮች ይኖሩታል። የተርብ ዘመዶች ትል ደግሞ በሆዱ በኩል ስድስትና ከዚያ በላይ ጥንድ እግር ይኖረዋል፤ ወይም እንደ ታኑሪኑ ዝርያ ጭራሹኑ አይኖረውም። ለዚህ የሚያስፈልገው ማጉያ መነጽርና ጥቂት ትዕግሥት ብቻ ነው።

የጥድ ክሽክሽ፤ ቅጠል ሳይበላ የሚያደርቅ

በኢትዮጵያ በጥድና በፈረንጅ ጥድ ላይ ከባድ ጉዳት በማድረስ የሚታወቀው ነፍሳት ግን የእሳት እራት አይደለም። ቅጠል የማይበላ፣ ፈሳሽ የሚመጥ የጥድ ክሽክሽ ነው። ይህ መጤ ተባይ በአፍሪካ ምድር በስፋት የታወቀው እ.አ.አ በ1986 በማላዊ ሲሆን፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ታንዛኒያን፣ ቡሩንዲን፣ ሩዋንዳንና ኡጋንዳን አዳርሶ እ.አ.አ በ1990 ኬንያ ገብቷል። በኢትዮጵያም በ1996 ዓ.ም አካባቢ መከሰቱ ተመዝግቧል። የፈረንጅ ጥድን ብቻ ሳይሆን አገር በቀሉን የሐበሻ ጥድም ያጠቃል።

የክሽክሹ ታሪክም ተባይን የመለየትን ጥቅም የሚያስረዳ ነው። ለዓመታት በአውሮፓ ከሚታወቅ ዝርያ ጋር እንደ አንድ ሲቆጠር ቆይቷል። እ.አ.አ በ1999 የታተመ የምደባ ጥናት ግን ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑን ገልጾ ሲናራ ኩፕሬሲቮራ የሚል ስም ሰጥቶታል፤ መነሻውም ከምሥራቅ ግሪክ እስከ ካስፒያን ባሕር ደቡብ ባለው አካባቢ እንደሆነ አመልክቷል። የመጤ ተባይ ትክክለኛ አገር መታወቁ የሚጠቅመው የተፈጥሮ ጠላቱ የሚፈለገው ከዚያ በመሆኑ ነው። በማላዊ እ.አ.አ በ1994 ፓውሲያ ጁኒፔሮረም የተባለች፣ እንቁላሏን በክሽክሹ ሰውነት ውስጥ የምትጥል ጥቃቅን ተርብ ተለቅቃ ክሽክሹን ለመቆጣጠር ውላለች።

የክሽክሹ አጠቃቀም ከትል የተለየ ነው። በቅርንጫፍ ላይ ተሰብስቦ የዛፉን ፈሳሽ ይመጣል፤ በሚመጥበት ጊዜ የሚያስገባው ምራቅም የቅጠሉን ሕዋሳት ይጎዳል። በዚህ የተነሳ ቅጠሉ በቦታው እንዳለ ከቢጫ ወደ ቡናማ ይለወጣል። ተባዩ የሚያስወጣው ማር መሰል ፈሳሽ በቅጠሉ ላይ ሲያርፍ ጥቁር ሻጋታ ያበቅላል።

በግቢ ውስጥ በቀላሉ እንዴት ይለያል?

የግቢ ውበትና የጠቅላላ አገልግሎት ሥራን የሚመሩ ኃላፊዎች ባለሙያ ከመጥራታቸው በፊት የሚከተሉትን ምልክቶች ማስመዝገብ ይችላሉ።

ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ላይ ከጠፋ፣ ከዛፉ ሥርም ጥቃቅን ጥቋቁር ኩስ ከተገኘ የተከሰተው ቅጠል በል ትል ነው። በዚህ ጊዜ ትሉን መፈለግ፣ እግሩን መቁጠርና ድር ወይም ከረጢት መኖር አለመኖሩን መመልከት ያስፈልጋል። ፀጉራም አባጨጓሬን በባዶ እጅ መንካት አይገባም፤ በተለይ በትምህርት ቤቶች ሕፃናት እንዳይጠጉት ማድረግ ተገቢ ነው።

ቅጠሉ ሳይረግፍ ከዛፉ ውስጠኛ ክፍል ጀምሮ የሚጠወልግ ከሆነ፣ ቅርንጫፉ እጅ ላይ የሚጣበቅ ፈሳሽ ካለው፣ ጥቁር ሻጋታና ወደ ላይ የሚወጡ ጉንዳኖች ከታዩ የጥድ ክሽክሽ ሊሆን ይችላል። ክሽክሹ ቡናማ መልክ ያለውና ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ በመሆኑ ቅርንጫፉን ገለጥ አድርጎ ማየት ይጠይቃል።

በግንዱ ላይ ቀዳዳና የእንጨት ዱቄት ከተገኘ ደግሞ ግንድ ሰርሳሪ ጥንዚዛ መኖሩን ያመለክታል። በኬንያ የፈረንጅ ጥድ ተክሎች ላይ በዚህ ረገድ የታወቀ ዝርያ አለ። ይህ ተባይ በግንዱ ውስጥ ስለሚኖር ቅጠል ላይ የሚረጭ ኬሚካል አያገኘውም።

ምንም ዓይነት ነፍሳት ሳይታይ ዛፉ ከጫፉ ጀምሮ ቀስ በቀስ ከደረቀ ምክንያቱን በሥሩ መፈለግ ይገባል። ለቧንቧ፣ ለኬብልና ለመሠረት ሲቆፈር ሥሩ ተቆርጦ ወይም የግንዱ ዙሪያ በሲሚንቶና በንጣፍ ድንጋይ ታሽጎ ውኃና አየር አጥቶ ሊሆን ይችላል። ግንባታ በበዛባቸው የቦሌ፣ የየካና በ2013 ዓ.ም ከሁለቱ ተከፍሎ የተቋቋመው የለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች ይህ ሊዘነጋ የማይገባው ነው። በውኃ እጥረት የተዳከመ ዛፍ ለነፍሳት ጥቃትም ይበልጥ የተጋለጠ ይሆናል።

መርጨት የመጨረሻው አማራጭ ስለ መሆኑ

ተባዩ ሳይለይ የሚረጭ ኬሚካል ሦስት ጉዳቶችን ያስከትላል። አንደኛ፣ ለትል የተዘጋጀው ለክሽክሽ፣ ለክሽክሽ የተዘጋጀውም ለግንድ ሰርሳሪ ስለማይሠራ ወጪው ይባክናል። ሁለተኛ፣ ክሽክሽን የሚበሉ ጥንዚዛዎችንና በትል ሰውነት ውስጥ የሚራቡ ጥቃቅን ተርቦችን ጭምር ስለሚገድል፣ ተባዩ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያለ ጠላት ተመልሶ ሊራባ ይችላል። ሦስተኛ፣ በቢሮ፣ በትምህርት ቤትና በመኖሪያ ቤት አጠገብ የተረጨ መርዝ ሰውን፣ ንብንና የውኃ ምንጭን ይጎዳል።

የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ ለገበያና ለአገልግሎት እንዳይውል ይደነግጋል። በመሆኑም ከገበያ የተገኘን ኬሚካል ሁሉ ለግቢ ዛፍ ማዋል የአሠራር ስህተት ብቻ ሳይሆን የሕግ ጥያቄም የሚያስነሳ ነው። የግዥ ሰነድ ሲዘጋጅ የተባዩ ማንነት፣ ኬሚካሉ መመዝገቡና ለተባለው ተባይ የተፈቀደ መሆኑ አስቀድሞ መረጋገጥ ይኖርበታል።

ከኬሚካል በፊት ሊወሰዱ የሚገባቸው እርምጃዎች ብዙ ወጪ አይጠይቁም። ከረጢቶችንና የእንቁላል ክምሮችን በእጅ ለቅሞ ማስወገድ፣ በጽኑ የተጠቃን ቅርንጫፍ ቆርጦ ከግቢው ሳይወጣ ማቃጠል፣ በበጋ ወራት ዛፉን ማጠጣት፣ በግንዱ ዙሪያ የታሸገውን መሬት መክፈትና የተጠቃ ችግኝን ከአንድ ሥፍራ ወደ ሌላ አለማዘዋወር ከእነዚህ መካከል ናቸው። የደረቀ አጥር ሲተካም አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ከመትከል ይልቅ አገር በቀል ዝርያዎችን ማቀላቀል የተሻለ ነው።

የአየር በሩና የተቋማት ድርሻ

የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ለአገሪቱ የሰውና የዕቃ በር እንደመሆኑ ለነፍሳትም በር ሊሆን ይችላል። የእሳት እራት እንቁላል በአንድ ችግኝ ቅጠል ጀርባ፣ ግንድ ሰርሳሪም በዕቃ ማሸጊያ ሣንቃ ውስጥ ተደብቆ ሊገባ ይችላል። በአውሮፕላን ማረፊያው የዕፅዋት ኳራንቲን ቁጥጥር የሚደረገውም ለዚህ ነው። እ.አ.አ በ2002 በወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት የእንጨት ማሸጊያ እምብርቱ ድረስ በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለ30 ደቂቃ መታከም ወይም በሌላ በተፈቀደ ዘዴ መጽዳትና ምልክት መደረግ አለበት። ለማስዋቢያ የሚሆን ችግኝ ወይም ዘር ከውጭ የሚያስመጡ መሥሪያ ቤቶችም የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀትን እንደ ተራ የወረቀት ሥራ ማየት አይገባቸውም።

ተባይን በመለየት ረገድ የምሥራቅ አዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች ከዕውቀት ምንጭ የራቁ አይደሉም። ቀደም ሲል የተጠቀሰው የነፍሳት ምርምር ማዕከል የኢትዮጵያ ቢሮ የሚገኘው በጉርድ ሾላ በዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ግቢ ውስጥ ነው። የዛፉን ማንነት ለማረጋገጥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር አለ። የደን ምርምርን የሚመራው የኢትዮጵያ ደን ልማትም ሆነ የዕፅዋት ጤና ቁጥጥርን የሚያከናውነው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን መቀመጫቸው በመዲናዋ ነው።

ለምርመራ የሚላክ ናሙና በአግባቡ ሊያዝ ይገባል። ትሉ ከሚመገበው ቅርንጫፍ ጋር አየር በሚያስገባ ዕቃ ውስጥ ሆኖ፣ የተገኘበት ቀን፣ ሥፍራና የዛፉ ዓይነት ተጽፎበት ቢላክ የባለሙያውን ሥራ ያቀላል። የዛፉ ሙሉ ገጽታና የተጎዳው ክፍል ፎቶግራፍ አብሮ ቢያያዝ ደግሞ የበለጠ ይረዳል።

ጥድን የመጠበቅ ጉዳይ በኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። ከመዲናዋ በስተ ምዕራብ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን አጀማመር በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር እንደሆነ በትውፊት ይነገራል። በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ደግሞ ጥድን ከዝግባ፣ ከኮሶና ከዋንዛ ጋር በመንግሥትና በክልል ደኖች ውስጥ እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው ዛፎች አንዱ አድርጎት ነበር። አዋጁ በኋላ በወጡ ሕጎች የተተካ ሲሆን፣ አሁን በሥራ ላይ ያለው የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ነው።

በ2011 ዓ.ም በተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በየዓመቱ ችግኞች ይተከላሉ። በ2016 ዓ.ም በተጀመረው የኮሪደር ልማትም ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ መገናኛ ያለው መንገድ ዳርቻ ታድሷል። የተተከለውን መንከባከብ የመትከልን ያህል ትኩረት የሚሻ ሲሆን፣ ለዘመናት የቆሙትን የየካና የቦሌ ጥዶች መጠበቅም የዚሁ ሥራ አካል ነው። ስለሆነም የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች በግቢያቸው ያለ ጥድ ሲጠወልግ የርጭት ወይም የቆረጣ ትእዛዝ ከመፈረማቸው በፊት ዛፉ ምን እንደሆነና ያጠቃው ነፍሳት የትኛው እንደሆነ የሚገልጽ የባለሙያ ማረጋገጫ ከሰነዱ ጋር እንዲያያዝ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል።